ስለ ሕፃናት የፊደል መማሪያ መሣሪያ ይታሰብበት

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

በዚህ ዓምድ ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ገበያ ዋጋ የሚጻፈውን ዘወትር አነባለሁ፤ ሁሉም ተገቢ ነው። እኔ ግን ዛሬ ይህችን ደብዳቤ የምጽፈው ትንሽ ስለሚመስል ነገር ነው፤ ይኸውም የአንደኛ ክፍል ሕፃን ፊደል ስለሚማርባቸው መሣሪያዎች ነው። ነገሩ የሚጀመረው ከጠመኔ፣ ከካርቶንና ከፊደል ገበታ ቢሆንም፣ መጨረሻው ከዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ላይ፣ ከዚያም እያንዳንዳችን በምንሠራበት መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ስለሚደርስ፣ አንባቢዎች በትዕግሥት እንዲከታተሉኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ በአዲስ አበባ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። «የሁለተኛ ደረጃ መምህር ከሕፃናት ፊደል ጋራ ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። ያገናኘኝ አንድ ቀን የሰጠሁት የቃል ጽሕፈት ነው። ባለፈው ዓመት ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንድ አጭር አንቀጽ እያነበብሁ እንዲጽፉ አዘዝሁ። ወረቀቱን ቤቴ ወስጄ ሳርም ያገኘሁት ስሕተት የሰዋስው ሳይሆን የፊደል ሆነብኝ። «ቸኮለ» ለማለት «ተኮለ» የጻፈ አለ፤ «ጨው» የሚለውን «ጠው» ያደረገ አለ፤ ኃምሱን በሣልስ፣ ሳብዑን በካዕብ የለወጠውማ ብዙ ነው።

ከነዚሁ ተማሪዎች አንዱን፣ ጨዋና ትጉህ የሆነውን ልጅ፣ በዕረፍት ሰዓት ብቻውን ጠራሁት። በጥቁር ሰሌዳው ላይ «ጬ» ብዬ ጽፌ፣ «ይህ ምንድን ነው?» አልሁት። ዝም አለ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ፣ ጣቶቹንም ከዴስኩ በታች አንድ በአንድ ሲያጥፍ አየሁ። «ምን እያልህ ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ጨ፣ ጩ፣ ጪ፣ ጫ እያልሁ ነው፣ ቲቸር» አለኝ። እንግዲህ ይህ ልጅ ፊደሉን በዓይኑ አያውቀውም፤ የሚደርስበት በዜማ ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲህ በጣቱ እየቆጠረ ነው እዚህ የደረሰው። በአማርኛችን ፊደል ለተማረ ሰው «ፊደል ቆጠረ» እንላለን፤ ይህ ልጅ ግን ቁጥሩን ገና አልጨረሰም። እስከዚያ ቀን ድረስ ቶሎ የማያነበው ከስንፍና ነው ብዬ እቈጣው ስለ ነበር፣ በራሴ አፈርሁ።

ይህ የአንድ ልጅ ነገር ቢሆን ኖሮ የጋዜጣ ዓምድ አላጣብብም ነበር። ነገር ግን በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች የሕፃናት የንባብ ችሎታ በተፈተነ ጊዜ፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶ 34ቱ ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በዚያ ዓመት ሁለተኛ ክፍል የነበረ ልጅ ሳያቋርጥ ቢማር በ2012 ዓ.ም. ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ይደርሳል። ከዚያ በኋላ የ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በጥብቅ ሥርዓት ሲሰጥ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኘው ተፈታኝ ከመቶ 3.3 ብቻ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 5.4 ነበር። ያን ጊዜ ሁላችንም ደነገጥን፤ አንዱ መምህሩን፣ አንዱ ወላጁን፣ አንዱ ፈተናውን ወቀሰ። እኔ ፊደል ብቻ ነው ምክንያቱ አልልም፤ ችግሩ ብዙ ነው። ነገር ግን የፈተናውን ጥያቄ ለማንበብ የሚቸገር ተማሪ መልሱን ለማሰብ ጊዜ ከወዴት ያገኛል? አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ይመስለኛል።

ታዲያ ስሕተቱ ከየት ይጀምራል? በበኩሌ ከዜማው ይጀምራል እላለሁ። በብዙ የአንደኛ ክፍል በር አጠገብ ያለፈ ሰው «ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ» የሚለውን የሕብረት ድምፅ ሰምቶ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ቢመለከት፣ ከስልሳው ሕፃን ገበታውን የሚያየው ከፊት የተቀመጠው ብቻ መሆኑን ይረዳል። ከኋላ ያለው ጣራ ያያል፣ ጓደኛውን ይጎሽማል፣ አፉ ግን ከሌሎቹ ጋራ ይዘምራል። ያ ልጅ በዓመቱ መጨረሻ «ፊደል ጨርሷል» ይባልለታል። የጨረሰው ግን ዜማውን ነው።

ይህን ስል አንዳንድ ሰዎች «አባቶቻችን በዛፍ ጥላ ሥር ያለ ምንም መሣሪያ ተምረው ሊቅ ሆነው የለም ወይ?» ይሉኛል። ይህ አባባል እውነት የሚመስል ስሕተት ስለሆነ በጥቂቱ ልመልስበት እወዳለሁ። የየኔታ ትምህርት ቤት ያለ መሣሪያ አልነበረም። ልጁ የራሱ ፊደል በእጁ ነበረው፤ በስንጥር ወይም በስንደዶ እያንዳንዱን ፊደል እየነካ ይቆጥር ነበር። አንድ በአንድ የሚያስቀጽለው ከፍ ያለ ተማሪም ነበረው። ከዚህ ሁሉ የሚደንቀው ደግሞ አቡጊዳ ነው። ሀ ሁን በዜማ ለለመደ ልጅ፣ ፊደሉን በሌላ ተራ አዘበራርቀው «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ» ብለው ያስጀምሩታል። በዚህ ተራ ላይ የትናንቱ ዜማ አያዋጣም፤ ልጁ ፊደሉን በመልኩ ካላወቀ ፈጽሞ ሊያልፍ አይችልም። ከዚያ ፊደለ ሐዋርያ፣ ከዚያም ንባብና ዳዊት ይቀጥላል። አባቶቻችን ዛሬ በውጭ አገር በብዙ ጥናት የተደረሰበትን ነገር፣ ማለት የቃል ሽምደዳ ንባብ አለመሆኑን፣ አስቀድመው ያውቁት ነበር። እኛ ግን ከእነርሱ ትምህርት ዜማውን ይዘን ስንደዶውንና አቡጊዳውን ጣልን።

የፊደላችን ጠባይ ራሱ መሣሪያ የሚጠይቅ ነው። በአማርኛ 33 ቤት በ7 ሆሄ ሲባዛ 231 ይሆናል፤ እነ ቋና ኳ ሲጨመሩ ከዚያም ይበልጣል። ይህ ለስድስት ወይም ለሰባት ዓመት ልጅ ከባድ ሸክም ይመስላል፤ ሥርዓቱን ለሚያሳየው መምህር ግን ቀላል ነው። ካዕቡ አብዛኛውን ጊዜ ከጎኑ፣ ሣልሱ ከእግሩ ሥር አጭር መስመር ይጨምራል፤ ኃምሱ ከእግሩ ሥር ቀለበት ያበጃል፤ መላ የሚያሳጡት ሳድሱና ሳብዑ ናቸው። እንደዚሁም ሸ ከሰ፣ ቸ ከተ፣ ኘ ከነ፣ ኸ ከከ፣ ዠ ከዘ፣ ጀ ከደ፣ ጨ ከጠ ቆብ እየደፉ ወይም ሌላ ምልክት እየጨመሩ የወጡ ናቸው። «ቸኮለ»ን «ተኮለ» ብሎ የጻፈው ተማሪዬ ይህን ቆብ የሚያሳየው ሰው አላገኘም። ሁለቱን ፊደሎች በሁለት ካርቶን ላይ ጽፎ ጎን ለጎን ማስቀመጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር።

ሳድስም የራሱ ምስጢር አለው። «ልብስ» በሚለው ቃል ሦስቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው፤ ነገር ግን «ል» አናባቢ ሲኖረው «ብ» እና «ስ» የላቸውም። ይህን ሕፃኑ የሚማረው ገበታ በማየት ሳይሆን ቃሉን ቆራርጦ እንደገና በመገጣጠም ነው። ጥብቀትና ላልነትም እንዲሁ በጽሕፈታችን አይታዩም፤ «ዋና» የሚለው የወንዝ ዋና ይሁን ዋናው ሰው፣ «ገና» የሚለው በዓሉ ይሁን ያልደረሰው ነገር፣ የሚለየው በዐረፍተ ነገሩ ነው። ስለዚህ ሕፃኑ ከፊደል ወደ ቃል፣ ከቃል ወደ ዐረፍተ ነገር ቶሎ መሻገር ይገባዋል። ስለ ሞክሼ ፊደሎች የቆየውን ክርክር ለሊቃውንቱ እተወዋለሁ። «ሠረቀ» የወጣች ፀሐይ፣ «ሰረቀ» ደግሞ ሌባ መሆኑን እኔም ለትልልቆቹ ማስተማር ደስ ይለኛል። ለሕፃኑ ግን ቢያንስ የገበታው፣ የመጽሐፉና የመምህሩ አጻጻፍ አንድ ይሁንለት።

አሁን ስለ ዕቃው ልናገር። ታናሽቱ ልጄ ትምህርት ስትጀምር፣ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ትምህርት ቤት ወላጅ ገዝቶ የሚያመጣውን ዕቃ በዝርዝር ሰጠኝ። ሶፍት አለበት፤ ደስታ ወረቀት አለበት፤ ማርከር፣ ከለር፣ ሙጫ፣ ብዙ ደርዘን ደብተር አለበት። ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ ባነበው ፊደል የሚል ቃል አጣሁ። እኔው ልግዛ ብዬ መርካቶ ወረድሁ። የእንግሊዝኛው ፊደል በፕላስቲክም፣ በእንጨትም፣ በሥዕልም ሞልቷል። የአማርኛውን ስጠይቅ ከብዙ ፍለጋ በኋላ አንድ ባለሥዕል ገበታ ወጣልኝ፤ «አ» ከሚለው ፊደል ጎን የፖም ሥዕል ተደርጎ «አፕል» ተብሎ ተጽፎበታል። አህያ፣ አበባ ያለው አማርኛ ለ«አ» የሚሆን ቃል ቸግሮት አይደለም፤ ገበታው ከእንግሊዝኛው ላይ ተገልብጦ ነው እንጂ። በመጨረሻ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አጠገብ መጻሕፍት ከሚሸጡ ሰው ዘንድ፣ ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ አሳትመው ያሠራጩት ዓይነት የጥንቱን የፊደል ገበታ አገኘሁ። ዋጋው ከሶፍቱ ያንስ ነበር። ወንድሞቼና እኅቶቼ የመንግሥት ሠራተኞች፣ እናንተም ይህን ዝርዝር በየዓመቱ መስከረም ላይ በኪሳችሁ ይዛችሁ ስለምትዞሩ የምናገረውን ታውቁታላችሁ።

እኔ ፊደል የቆጠርሁት በአንድ የሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ ሀብታም አልነበረም፤ ወንበራችን የተሰነጠቀ፣ ጣራችን ክረምት የሚያፈስ ነበር። ነገር ግን እትዬ የምንላቸው አንዲት አረጋዊት መምህርታችን ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ነበራቸው። በውስጡ ከካርቶን በመቀስ የተቆረጡ፣ በቀለም የተጻፉ ፊደሎች ሞልተውበታል። አምስት አምስት አድርገው ያስቀምጡንና ፊደሎቹን ከፊታችን ያፈስሱልን ነበር። «ላም አምጡልኝ» ይላሉ፤ እኛ «ላ» እና «ም» ፈልገን ጎን ለጎን እናስቀምጣለን። ከዚያ አንዲቷን ፊደል ብቻ ለውጠው «ላምን ላብ አድርጓት» ይላሉ። ይህን እንደ ጨዋታ እናየው ስለ ነበር ደወሉ ሲደወል እናዝን ነበር። ዛሬ ሳስበው ያቺ ቆርቆሮ የጠየቀቻቸው ገንዘብ ሳይሆን የአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ድካም ነው።

መንግሥትና ሕዝብ ምንም አልሠሩም ለማለት አይደለም። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በታወጀ ጊዜ ፊደልን ለጎልማሳ ለማስተማር ታላቅ ጥረት ተደርጓል፤ ትምህርቱም በ15 የአገራችን ቋንቋዎች እስከ መሰጠት ደርሷል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ አድርጓል። ከ2002ቱ የንባብ ፈተና በኋላ በአሜሪካ መንግሥት የልማት ድርጅት ርዳታ በ7 ቋንቋዎች አዳዲስ የንባብ መጻሕፍት ተዘጋጅተዋል፤ ይሁን እንጂ ያ ድርጅት በ2017 ዓ.ም. ሥራውን አቁሟል። ከዚህ የምንማረው፣ የልጆቻችንን ፊደል በሰው እጅ ላይ ማሳደር የማይገባ መሆኑን ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች የደንብ ልብስ፣ ደብተርና ምገባ ማቅረብ መጀመሩ ብዙ እናቶችን አሳርፏል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው «ትምህርት ለትውልድ» የተባለው ንቅናቄም ብዙ የትምህርት ቤት ግንብና ቀለም አሳድሷል። እንግዲህ ልጁ በልቶ፣ ለብሶ፣ ደብተር ይዞ፣ በታደሰ ክፍል ውስጥ ከተቀመጠ የቀረው ፊደሉን በእጁ ማስያዝ ነው።

ስለዚህ በበኩሌ የሚከተሉትን አራት ነገሮች ለማሳሰብ እደፍራለሁ።

አንደኛ፤ የትምህርት ሚኒስቴር ከቋንቋ ሊቃውንት ጋራ ሆኖ የታረመ አንድ የፊደል ገበታ ቢያሳትም፣ ከዚህም ትልቁ በእያንዳንዱ የአንደኛ ክፍል ግድግዳ ላይ በሕፃን ዓይን ልክ ቢሰቀል፣ ትንሹ ደግሞ ለእያንዳንዱ ልጅ ቢታደል። ገበታው ከመምህሩ ራስ በላይ ከተሰቀለ የግድግዳ ጌጥ ነው። ከሀ ሁ ጎን አቡጊዳም ይታተምበት።

ሁለተኛ፤ በየክፍሉ የፊደል ሣጥን ይኑር። ካርቶን፣ መቀስና ማርከር ይበቃል። ለአምስት ልጅ አንድ ሣጥን ቢደርስ ስልሳ ልጅ ላለበት ክፍል ዐሥራ ሁለት ሣጥን ማለት ነው። ይህንንም የመምህራን ኮሌጅ ዕጩዎች ለልምምድ ሲወጡ እንደ አንድ ትምህርት ቢሠሩት፣ ለክፍሉ ትተውት ሊሄዱ ይችላሉ።

ሦስተኛ፤ ለእያንዳንዱ ሕፃን ጥቁር ቀለም የተቀባች ትንሽ የኮምፔንሳቶ ሰሌዳና ቁራጭ ጠመኔ ይሰጠው። መምህሩ «ቤት ጻፉ» ብሎ «አንሡ» ሲል ስልሳውን መልስ ባንድ ጊዜ ያያል። በሕብረት ዜማ ውስጥ አንድ ጎበዝ ዐሥር ያላወቁትን ይሸፍናል፤ በሰሌዳ ላይ ግን ማንም ከማንም ጀርባ አይሸሸግም። የተሳሳተውም በጨርቅ ጠርጎ እንደገና ይጽፋል እንጂ ደብተሩ በቀይ ቀለም አይቆሽሽበትም።

አራተኛ፤ መሣሪያው ያለ ሰው ዋጋ ስለሌለው፣ እያንዳንዱ ሕፃን ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ለብቻው ያንብብ። በቀን ዐሥራ ሁለት ልጅ ቢሰማ በአምስት ቀን ስልሳው ይዳረሳል። ከላይኛው ክፍል ደኅና አንባቢ የሆኑትን ለታናናሾቻቸው ረዳት ማድረግም የየኔታ ልማድ ነውና አዲስ ነገር አይደለም። ደግሞም በብዙ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ለጀማሪ መምህር ሲሰጥ አያለሁ፤ ቤት ሲሠራ መሠረቱን ለተለማማጅ የሚሰጥ ግንበኛ ግን የለም።

በላቲን ፊደል ለሚጻፉት ለአፋን ኦሮሞ፣ ለሶማልኛ፣ ለሲዳምኛና ለወላይትኛም ነገሩ ያው ነው፤ የፊደሉ ቁጥር ቢያንስም ሕፃኑ ድምፁን ከመልኩ ጋራ በእጁ ካላገናኘ በዜማ ብቻ አያነብም።

«ስልክና ኮምፒዩተር በመጣበት ዘመን ስለ ካርቶን ትጽፋለህ» የሚለኝ ወዳጅ አለኝ። እኔ ስልክን አልጠላም፤ ይህንንም ደብዳቤ የጻፍሁት በእርሱ ነው። ነገር ግን ስልክ ፊደሉን የሚያቀርበው ለሚያውቀው ሰው ነው። ያ ተማሪዬም ስልክ አለው፤ የሚጽፍበት ግን በእንግሊዝኛ ፊደል አማርኛ እየቀላቀለ ነው። ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ።

በመጨረሻ ለመሥሪያ ቤት ሠራተኞች አንድ ቃል አለኝ። በየቢሮው ባንድ ፊቱ ብቻ የተጻፈበት፣ ምስጢር የሌለው፣ የሚጣል ወረቀት ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ። የፎቶ ኮፒ ወረቀት የመጣበት ካርቶንም እንዲሁ ይወድቃል። አንድ መሥሪያ ቤት ይህን በወር አንድ ጊዜ በአጠገቡ ላለው ትምህርት ቤት ቢልክ፣ ሠራተኞቹም አንድ ቅዳሜ ተሰብስበው መቀስ ቢይዙ፣ ያ ትምህርት ቤት የፊደል ሣጥን አያጣም። ነገ በመዝገብ ቤታችን የሚቀጠረው፣ ደብዳቤያችንን የሚያረቀው፣ የባለጉዳዩን ስም የሚጽፈው ይኸው ሕፃን ነው። በአንድ ፊደል ስሕተት ስሙ ተበላሽቶ ከመስኮት መስኮት የሚንከራተት ባለጉዳይ ያላየ የመንግሥት ሠራተኛ ያለ አይመስለኝም። «ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነውና፣ ነገሩን ለሚኒስቴሩ ብቻ ጥለን አንቀመጥ።

ያ ተማሪዬ አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ከምሳ በኋላ ከእኔ ዘንድ ይመጣል። አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አዘጋጅቼለታለሁ። መጀመሪያ ጓደኞቹ እንዳያዩት በሩን ይዘጋ ነበር፤ ባለፈው ሰሞን ግን «ጬ» የምትለዋን ካርቶን ከክምሩ መካከል አንሥቶ ሳይዘምር፣ ጣቱንም ሳያጥፍ ጠራት። ደስታው ደስታዬ ሆነ፤ ነገር ግን ይህ ደስታ በሰባት ዓመቱ ይገባው ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ክቡር አዘጋጅ፤ ይህችን አስተያየቴን በዓምድዎ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እየለመንሁ፣ ነገሩ የሚመለከታቸው ሁሉ እንዲያስቡበት ተስፋ አደርጋለሁ።

አክባሪዎ
አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር
ከአዲስ አበባ